በ750 ብር የገዛኋት መንጠልጠያ ሚዛን፦ ከአምስት ወር በኋላ

ዕቃዋ ከመዳፍ አትበልጥም። ከላይ መያዣ፣ ከታች የብረት መንጠቆ፣ መሃሏ ላይ ቁጥር የምታሳይ ትንሽ መስኮት አላት። የተሠራችው ሻንጣቸውን ለሚመዝኑ መንገደኞች ነው፤ እኔ ግን የገዛኋት ለጤፍ፣ ለሽንኩርትና ለጋዝ ነው። እስከ 50 ኪሎ ትችላለች፣ በ10 ግራም ልዩነት ታነባለች፣ በሁለት ቀጫጭን ባትሪዎች ትሠራለች። መርካቶ፣ ምናለሽ ተራን አለፍ ብሎ ካለ ሱቅ 900 ብለውኝ በ750 ብር ወሰድኳት። ከጥር 2017 መጨረሻ ጀምሮ ለአምስት ወር ቤቴ የገባውን ሁሉ ስመዝንባት ቆየሁ። ዘንድሮ ለቤታችን ከገዛነው ዕቃ ሁሉ በጣም የጠቀመን እሷ ናት፤ ጉድለትም አላት፣ እሱንም እነግራችኋለሁ።

ለመግዛት ያበቃኝ ጤፍ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ በወጪ ደብተሬ ላይ ያሉት ቁጥሮች ካንዱ ወር ወደ ሌላው አልገጥም አሉኝ። ዘይቱም ሳሙናውም የትምህርት ቤቱም ክፍያ ወጣ፤ የባለቤቴ ደመወዝ ግን ያው ነው። ዋጋ ማስቀነስ በእኔ አቅም የሚሆን አይደለም። ታኅሣሥ ላይ ግን 25 ኪሎ ብዬ የገዛሁት ጤፍ፣ ሌላ ጊዜ ከሦስት ሳምንት በላይ የሚያቆየን፣ በአሥራ ስምንተኛው ቀን አለቀ። ልጆቹ በዝተው በሉ? እንግዳ ገባ? ወይስ መጀመሪያውኑ 25 አልነበረም? በልተን የጨረስነውን ጤፍ ተመልሼ ልመዝነው አልችልም። መልስ ያጣሁበት ጥያቄ ነውና አንገበገበኝ፤ ከዚያ በኋላ የከፈልኩበትን ያህል ቤቴ መግባቱን በዓይኔ ሳላይ መግዛት አልፈለግኩም።

አሁን ያለችኝ ሚዛን ሁለተኛዋ ናት። የመጀመሪያዋን መልሻታለሁ፤ ይህ ለሌላ ዕቃ ገዢም ይጠቅማልና ዘርዘር ላድርገው።

ቤት እንደገባሁ መጀመሪያ የመዘንኩት ባለ 2 ሊትር የታሸገ ውሃ ነው። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ይመዝናል፤ ስለዚህ ባለ 2 ሊትሩ ከነፕላስቲኩ ከ2 ኪሎ ቢበልጥ በ30 ወይም በ40 ግራም ነው። ሚዛኗ 2.31 አለች። ምናልባት ያቺ ጠርሙስ ብቻ ትሆናለች ብዬ ስድስት ጠርሙስ አንድ ላይ የታሸገውን እሽግ ሰቀልኩባት፤ 12 ኪሎና ጥቂት ማለት ሲገባት 13.9 አለች። ሚዛን የሚገዛ ሁሉ ይህን ሙከራ ከሱቁ ሳይወጣ ቢያደርገው መልካም ነው። ውሃው ኋላ ይጠጣል፣ የሚባክን ነገር የለም።

በአራተኛው ቀን ከነደረሰኜ ተመለስኩ። ግድግዳው ላይ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ወረቀት ተለጥፏል፤ ሻጩ ልጅ ወደዚያ ጠቆመኝ።

«ወንድሜ፣ ቀለሟን አልወደድኩትም ብዬ አልመጣሁም» አልኩት። «ሚዛን ብለህ ሸጠህልኛል፣ እሷ ግን በትክክል አትመዝንም።»

ከጎን ካለው ሱቅ ውሃ ገዝቼ እዚያው ሰቀልኩለት። ቁጥሩን አየና ዝም አለ። ባለቤቱ ከውስጥ ሰምተው ወጡ፤ በዕድሜ ገፋ ያሉ ሰው ናቸው። «ከፍተሽ ሞክሪና የምትስማማሽን ውሰጂ፣ ልጄ» አሉኝ። ሦስት አወጣን። ሁለቱ 2.04 አሉ፣ አንዷ 2.05። ከሁለቱ አንዷን ይዤ ወጣሁ።

የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው ከገዛበት ቀን ጀምሮ በ15 ቀን ውስጥ ዕቃው እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት ሻጩን መጠየቅ እንደሚችል ይደነግጋል። በአዋጅ የተሰጠን መብት ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ወረቀት አይሽረውም። ወረቀቱን አይተው ከበር የሚመለሱ ስንት ሰዎች እንዳሉ ሳስብ ያመኛል፤ እኔ ራሴ ከዓመታት በፊት የተበላሸ የውሃ ማፍያ ይዤ እንዲያው ተመልሻለሁ። ደረሰኙንም የምቀበለው ለዚሁ ነው። ሚዛኗን በገዛሁ ቀን «ያለ ደረሰኝ 680 ላድርግልሽ» ተብዬ ነበር። 70 ብር ለእኔ ትንሽ ገንዘብ አይደለም፤ ግን ያለ ደረሰኝ ያ 15 ቀን ከየት ጀምሮ ይቆጠራል? ከዚያ ሱቅ መግዛቴንስ ማን ይመሰክርልኛል? በሙቀት የሚታተም ደረሰኝ በወራት ውስጥ ጽሑፉ ይጠፋል፤ ስለዚህ እንደገዛሁ በስልኬ ፎቶ አነሣዋለሁ።

ሚዛኗ መለኪያ የምትቀይር አንዲት ቁልፍ አላት። ከኪሎ ወደ ፓውንድ፣ ከፓውንድ ደግሞ ጂን ወደሚባል የቻይና መለኪያ ትሄዳለች። አንድ ጂን ግማሽ ኪሎ ነው። የመጨረሻው ልጄ ነካክቷት ኖሮ 5 ኪሎ ሽንኩርት 10 ብላ አነበበችልኝ። በፓውንድ ቢሆን 11 ነበር የምትለው። ይህ ነገር ገበያ ላይም ይሠራል፦ በዲጂታል ሚዛን ሲመዘንላችሁ ቁጥሩን ብቻ አትዩ፤ ከጎኑ ያለውን የኪሎ ምልክት፣ ዕቃው ከመጫኑ በፊት ደግሞ ዜሮውን እዩ። ዜሮውን ማየት ትንሽ ነገር ይመስላል። እኔን ያስተማረኝ ጤፉ ነው።

የካቲት ላይ 50 ኪሎ ጤፍ ገዛሁ፣ በኪሎ 140 ብር ሒሳብ። ለሚዛኗ እንዳይከብዳት ቤት ስደርስ ለሁለት ከፈልኩት። መያዣዋን በመወልወያ እንጨት ላይ አሰርን፣ ባለቤቴ በአንድ በኩል እኔ በሌላ በኩል አነሣነው። 24.6 እና 24.3። ድምሩ 48.9። ዝቅ አድርገን ደግመን መዘንን፤ ያው ነው። ከ150 ብር በላይ የሆነ ጤፍ ጎደለ ማለት ነው።

ሌሊቱን ሳሰላስል አደርኩ። ነጋዴውን ዓመታት አውቀዋለሁ፣ ፊቱ ቆሜ «ሰርቀኸኛል» ማለት ከበደኝ፤ ዝም ማለትም ከበደኝ። በማግሥቱ ሄድኩና፣ «ወንድሜ፣ ትናንት የወሰድኩት ቤት ሲመዘን አንድ ኪሎ ጎደለ። እስቲ ባስኩላህን ባዶውን እንየው» አልኩት። ባዶው ባስኩላ 1.1 ያነባል። ወለሉ ወደ አንድ ጎን ያዘነበለ ነው፤ ጠዋት አራግፈው ሲያነሡት እግሩ ተዛብቷል። ደነገጠ። ስንት ሰው በዚያ ሚዛን እንደወሰደ ሲቆጥር ፊቱ ላይ አየሁት። አንድ ኪሎ ተኩል ሰፈረልኝ፤ ዛሬ ስሄድ ሳልጠይቀው ራሱ ዜሮውን አሳይቶኝ ነው ጤፉን የሚጭነው። ሌባ ብዬ ጀምሬ ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ አይሆንም ነበር። ሁሉም እንዲህ ቅን ነው አልልም፤ እሁድ ገበያ ላይ አንዱ «ሚዛኔን አትጠራጠሪ» ብሎ ሽንኩርቱን ከእጄ ነጥቆ መልሶታል። እሱን ትቼ ወደሚቀጥለው ሄድኩ። አንድ ሰው ደጋግሞ ሲያጎድልና አልሰማ ሲል ግን ለወረዳው ንግድ ጽሕፈት ቤት መንገር ነው።

የጆንያውንም ነገር እዚሁ ልበል። የጭረት ጆንያ ባዶውን መዝኜ 900 ግራም ሆኖ አግኝቼዋለሁ፤ የላስቲኩ ማዳበሪያ ግን 100 ግራም ገደማ ነው። ጤፍ ከነጆንያው ተመዝኖ ከተሸጠላችሁ ለጆንያው የጤፍ ዋጋ እየከፈላችሁ ነው።

ሰፈር ውስጥ ያሉ የጉልት ሴቶች በኪሎ አይሸጡም፣ በመደብ ነው። 30 ብር የከፈልኩበት የቲማቲም መደብ ቤት ሲመዘን 340 ግራም ሆነ፤ በኪሎ ሲሰላ 88 ብር። በዚያው ሳምንት እሁድ ገበያ ላይ ኪሎው 55 ነበር። ቁጥሩን ሳይ መጀመሪያ ተቆጣሁ። ኋላ ግን «መርቂልኝ» ስላት የምትጨምርልኝን ሁለት ቲማቲም አስገብቼ መዘንኩ፤ 430 ግራም ሆነ፣ ወደ 70 ወረደ። ያቺ ሴት ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ተቀምጣ ትውላለች፣ የሚበሰብሰው ኪሳራው የእሷ ነው፣ እኔ ደግሞ ሦስት ቲማቲም ለማግኘት ታክሲ አልሳፈርም። ስለዚህ ለአንድ ቀን ወጥ ከእሷ እገዛለሁ፣ የሳምንቱን ከእሁድ ገበያ። ሚዛን ይዤ ጉልቷ ፊት ቆሜ አላውቅም፣ አልቆምምም። የምመዝነው ቤቴ ነው፤ ቁጥሩ እኔ የት ምን ያህል ልግዛ የሚለውን እንዲነግረኝ ነው እንጂ እሷን ላሳፍርበት አይደለም።

ትልቁን ትምህርት ያገኘሁት ግን ከበርበሬ ነው። ለዓመት የሚሆን ዛላ ስገዛ ሁልጊዜ በኪሎ ርካሹን ነበር የምመርጠው። ዘንድሮ 10 ኪሎ በ400 ብር ሒሳብ ገዛሁ። ቀንጥሰን፣ ሦስት ቀን ፀሐይ ላይ አስጥተን መልሰን ስንመዝነው 8.1 ኪሎ ሆነ። ግንጣዩ ብቻውን 600 ግራም ወጣው። የቀረው 1.3 ኪሎ ውሃ ነው፤ ዛላው ሲሸጥልኝ እርጥብ ነበር ማለት ነው። 4,000 ብሩ ለ8.1 ሲካፈል ኪሎው 494 ብር ሆነ። እህቴ በዚያው ሳምንት በ430 የገዛችውን «ውድ» ዛላ አምጥተን እንዲሁ አደረግነው፤ 10 ኪሎው 9.1 ሆኖ ቀረ። 4,300 ለ9.1 ሲካፈል 472 ብር ከምናምን ነው። የእሷ ይረክሳል! ስንት ዓመት ውሃ በበርበሬ ዋጋ ስገዛ እንደኖርኩ ያን ቀን ገባኝ። አሁን ዛላ ስገዛ እፍኝ አንሥቼ አናውጠዋለሁ፤ ደረቅ ከሆነ ፍሬው ውስጡ ይንኳኳል፣ ሲታጠፍ ይሰበራል። የሚለመጥ ከሆነ ውሃ አለው።

ቅቤም ያው ነው። 3 ኪሎ በ900 ሒሳብ ገዝቼ ሳነጥረው 2.2 ኪሎ ብቻ ወጣው፤ የነጠረው ኪሎ 1,227 ብር ፈጀብኝ። የሚቀጥለውን በ1,000 ብር ከሌላ ሴት ገዛሁ፣ 3ቱ ኪሎ 2.6 ሰጠኝ፣ 1,154 ብር። ለዚህ ሥራ የሚዛኗ ዜሮ ቁልፍ በጣም ይጠቅማል፤ ባዶውን ባልዲ ሰቅላችሁ ዜሮ ካደረጋችሁ በኋላ ውስጡ የምትጨምሩት ብቻ ነው የሚነበበው።

ጋዝ ሲሊንደር ላይ ባዶ ክብደቱ አንገቱ አካባቢ ተቀርጾበታል። የእኛው 14.2 ይላል። 12.5 ኪሎ ጋዝ ተሞላ ከተባለ ሲመዘን 26.7 መሆን አለበት። መጋቢት ላይ ያስመጣሁት 25.3 መዘነ፤ 1.4 ኪሎ ጎደለ። ያመጣው ልጅ ደረጃውን ገና አልወረደም ነበር፣ እኛ አራተኛ ፎቅ ነን። ጠርቼ ቁጥሩን አሳየሁት፣ ስልክ ደውሎ ሌላ አመጣልኝ። ያኛው ሞልቶ ነበር። ከሄደ በኋላ ደውዬ ቢሆን ማን ያምነኝ ነበር? አሁን ሳይመዘን አልከፍልም፤ በየሳምንቱም እሑድ ማታ እመዝነዋለሁ። በቀን ወደ 300 ግራም እንደምንጨርስ ስላወቅኩ መቼ እንደሚያልቅ አስቀድሜ አውቃለሁ፤ እንግዳ ባለበት ቀን ጋዝ አልቆ ባገኘሁት ዋጋ ለመግዛት አልሮጥም። የሚመዘነው ግን ቧንቧው ተነቅሎ፣ ቫልቩ በደንብ ተዘግቶ ነው። ሲሊንደሩንም ከመሬት አንድ ጣት ያህል ብቻ አንሡት፤ ገመዱ ቢበጠስ እንኳ እንዳይወድቅ።

ለዘይት ብዙም አላስፈለገችኝም። አንድ ሊትር ዘይት 920 ግራም አካባቢ ስለሚመዝን ባለ 5 ሊትሩ ያለ ጄሪካኑ 4.6 ኪሎ ይሆናል። የገዛኋቸው የፋብሪካ እሽግ ሁሉ ልክ ሆነው ነው ያገኘኋቸው።

ለፋሲካ ያደረግነውንም ልንገራችሁ። ሚያዝያ 11 በቅዳሜ ሹር፣ ከብሎካችን አሥር ቤት ሆነን በሬ ገዝተን ቅርጫ ገባን። የሚመድቡልን ጋሼ የሰፈሩ ሽማግሌ ናቸው፣ እጃቸው የለመደ ነው። ሚዛኗን ይዤ ስወርድ «ቅርጫ በዓይንና በዕጣ ነው፣ ልጄ» አሉኝ። «እንደወደዱ ጋሼ፣ መጀመሪያ እርስዎ ይመድቡ፣ ከዚያ እንያት» አልኳቸው። በዓይናቸው መድበው ሲጨርሱ አሥሩንም በፌስታል እያንጠለጠልን መዘንናቸው። ትንሹ 11.2፣ ትልቁ 12.6፣ የቀሩት መሃል ላይ። በዓይን ብቻ ይህን ያህል ማቀራረባቸው አስገረመኝ። እሳቸው ግን 1.4 ኪሎ ሥጋ የአንድ ቤት የሁለት ቀን ወጥ ነው ብለው ከትልቁ ወደ ትንሹ አዛወሩ። ከዚያ ደግሞ እኔን መለሱኝ፦ «ክብደቱ እኩል ስለሆነ ብቻ እኩል አይደለም። ሽንጡም ሻኛውም ዳቢቱም ለሁሉም ይድረስ፣ አጥንት ብቻ የደረሰው ሰው ምን ይላል?» ልክ ናቸው። ሚዛኗ ክብደት እንጂ ሥጋውን ከአጥንቱ ለይታ አትነግርም። ቀላቅለው እንደገና አስተካከሉት፣ ከዚያ ዕጣ ወጣ።

ወደ ጉድለቷ ልምጣ። ከ100 ግራም በታች ለሆነ ነገር አትታመንም፤ ኮረሪማና ጥቁር አዝሙድ ለመመዘን ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ የወጥ ቤት ሚዛን ያስፈልጋል። እጅ ከተንቀጠቀጠ ቁጥሩ ይዋልላል፤ ከከባድ ዕቃ ጋር ለብቻ አይሆንም፣ ሁለት ሰው ይፈልጋል። ፀሐይ ላይ መስኮቷ አይነበብም። ባትሪዋ ሲደክም ሳትጠፋ የተሳሳተ ቁጥር ታነባለች፣ ይህ ከሁሉ የባሰው ጉድለቷ ነው። ግንቦት ላይ ውሃው 1.9 ሲልብኝ ነው ያወቅኩት፤ ባትሪ ስቀይርላት ወደ 2.04 ተመለሰች። ስለዚህ በየወሩ አንድ ቀን ውሃ እሰቅልባታለሁ። ደግሞም ማንም መርምሮ ያረጋገጣት የንግድ ሚዛን አይደለችም፤ ነጋዴ ሊሸጥባት አይገባም፣ እኔም ለክርክር ማስረጃ አላደርጋትም። የእሷ ሥራ እኔን መጠርጠር ያለብኝን ቦታ ማሳየት ነው፤ ከዚያ በኋላ የነጋዴውን ሚዛን አብረን እናያለን።

ገንዘቡን መልሳለች ወይ ለምትሉ፦ ከጤፉ የተመለሰልኝ ከ200 ብር በላይ ነው፣ ከጋዙ 1.4 ኪሎ፣ በርበሬውና ቅቤው ደግሞ የከርሞ ነው። ብቻውን ለሚኖር ሰው፣ በሳምንት ሁለት ኪሎ ሽንኩርት ብቻ ለሚገዛ፣ ላያስፈልገው ይችላል። ጤፍ በኩንታል ወይም በግማሽ ኩንታል ለሚያስገባ፣ ጋዝ ለሚጠቀም፣ በርበሬ ለሚያዘጋጅ ቤት ግን አያመንቱ እላለሁ። ሲገዙ በኪሎ የምታነብ መሆኗን፣ መንጠቆዋ ብረት መሆኑን ይዩ፤ ፕላስቲክ መንጠቆ ያላቸውም አሉ፣ 25 ኪሎ ላይ አይቻቸዋለሁ፣ ይለጠጣሉ።

ወጥ ቤት በር ላይ በሚስማር ሰቅያታለሁ። ከላይ ፎቅም ከታችም ልጆች እየተላኩ ይዋሷታል፤ ስትመለስ የኪሎው ምልክት መኖሩን አይቼ እሰቅላታለሁ። ከብሎካችን አራት ቤት ሆነን አንድ ኩንታል ጤፍ በጋራ ለመግዛት ተስማምተናል። የፊታችን ቅዳሜ ባስኩላው ፊት ቆመን ዜሮውን እናያለን፣ ቤት ስንደርስ ደግሞ በዚችው ለአራት እናካፍለዋለን።